አዲስ ሶፍትዌር ተጭኖበት አልነሳ ያለ ስልክ “ሞቷል” ማለት ነው?

የአምራቹ ስም ብቅ ይላል፤ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ስሙ እንደገና ብቅ ይላል። ስልኩ ትናንት ይሠራ ነበር። ቀርፋፋ ሆኗል ተብሎ፣ የይለፍ ቃሉ ተረስቶ፣ ወይም አዲስ ስሪት ወጥቷል ሲባል ሶፍትዌሩ በድጋሚ ተጫነበት። አሁን ግን ከአምራቹ ዓርማ አልፎ አይሄድም። በስልክ ጠጋኞች አነጋገር “ሎጎ ላይ ቆሟል”።

እንዲህ ያለ ስልክ በእጁ የያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያስባል። ወይ ስልኩ ሞቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይ እንደገና “ፎርማት” ቢደረግ ይድናል ብሎ ይቸኩላል። ዓርማውን ማሳየት የቻለ ስልክ ብዙዎቹ ክፍሎቹ እየሠሩ ስለሆነ የመጀመሪያው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አደገኛ ነው። ፎርማት ስልኩን ሊያስነሳው ይችላል፤ በውስጡ ያለውን ፎቶግራፍ፣ የድምፅ መልእክትና ሰነድ ግን ዳግም ላይመለስ ያጠፋዋል። ባለቤቱ ምን ያህሉን እንደሚያተርፍ የሚወስነው ሙከራዎቹ የተደረጉበት ቅደም ተከተል ነው።

ስልኩ የት ደርሶ ነው የቆመው?

ስማርት ስልክ ሲበራ ሥራው የሚከናወነው በቅብብሎሽ ነው። መጀመሪያ የሚነቃው ስልኩ ሲመረት በዋናው ቺፕ ውስጥ የተቀረጸ፣ በኋላ ሊለወጥ የማይችል እጅግ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም “ቡትሎደር” የሚባለውን ተከታዩን ፈልጎ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ያለበት መሆኑን ይመረምራል፤ ትክክል ሆኖ ካገኘው ሥራውን ያስረክበዋል። ቡትሎደሩ በተራው “ከርነል” የሚባለውን የስርዓተ ክወናውን እምብርት መርምሮ ያስነሳል። ከርነሉ ስክሪኑን፣ ማህደረ ትውስታውንና ሌሎቹን ክፍሎች ያነቃል። ከዚያም የአንድሮይድ ወይም የአይፎን አገልግሎቶች ይነሳሉ። በስተመጨረሻ የባለቤቱ መረጃ የተቀመጠበት ክፍል ተከፍቶ የተለመደው ገጽ ይታያል።

ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ቢጎድል ወይም ከቀሪዎቹ ጋር ባይጣጣም ስልኩ እዚያው ይቆማል፤ አለዚያም ከመጀመሪያው እየጀመረ ይሽከረከራል። ሶፍትዌር በድጋሚ ሲጫን ብዙ ጊዜ የሚለወጡት ከቀለበቶቹ የተወሰኑት ብቻ ናቸው። ችግሩ የሚወለደውም በዚሁ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ አዲስ የገባውና ቀድሞ የነበረው አይግባቡም።

ስለዚህ ማንኛውንም ቁልፍ ከመጫን በፊት ስክሪኑን በጥንቃቄ መመልከት ይጠቅማል። ዓርማው ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ከቀረ፣ ቡትሎደሩ ሠርቷል፤ የተጓደለው ከርነሉ ወይም ዋናው የሲስተም ክፍል ሊሆን ይችላል። ዓርማው የሚንቀሳቀስ ምስል ሆኖ ለረጅም ጊዜ ከቆየ፣ ከርነሉም ተነስቷል ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ስርዓቱ አገልግሎቶችና ወደ ተጠቃሚው መረጃ ይዞራል። ስክሪኑ ጨርሶ ከጨለመ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠሩት ባትሪው፣ ኬብሉና ራሱ ስክሪኑ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የቡትሎደሩ መበላሸት ይመጣል።

አንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በሚነሱበት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያሳያሉ። በብርቱካንማ ቀለም የሚታየው የቡትሎደሩ ቁልፍ መከፈቱን ይናገራል እንጂ ስልኩ ተበላሽቷል አይልም። ቀዩ ግን ስልኩ የተጫነበትን ስርዓት ሲመረምር የተበላሸ ወይም የተነካካ ሆኖ እንዳገኘው ያመለክታል።

ጉዳት የማያደርሱት ሙከራዎች

አዲስ ሶፍትዌር የተጫነበት ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ከወትሮው እጅግ ይዘገያል። መተግበሪያዎችን እንደ አዲስ ያሰናዳል፤ የመረጃ ቋቶችን ከአዲሱ ስሪት ጋር ያዛምዳል። በተለይ አነስተኛ አቅም ባላቸው ስልኮች ላይ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ አያስደንቅም። “ቆመ” ተብሎ ቻርጀሩ የተነቀለበት ስልክ ሥራውን እየጨረሰ የነበረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቻርጀር ላይ ሰክቶ ግማሽ ሰዓት መታገስ የመጀመሪያው ሕክምና ነው።

ካልተሳካ ሲም ካርዱንና ተጨማሪ የማህደረ ትውስታ ካርዱን አውጥቶ ስልኩን በግድ ማጥፋትና ማስነሳት ይከተላል። የተበላሸ ማህደረ ትውስታ ካርድ ስልኩን ሲያስጨንቅ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች የማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፎች በአንድነት ከሰባት ሰከንድ በላይ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ከአይፎን 8 ጀምሮ ባሉት አይፎኖች ደግሞ የድምፅ መጨመሪያውን ጫን አድርጎ መልቀቅ፣ የድምፅ መቀነሻውን ጫን አድርጎ መልቀቅ፣ ቀጥሎም የጎኑን ቁልፍ የአፕል ዓርማ እስኪታይ ድረስ መያዝ ነው። ይህ ሁሉ በስልኩ ውስጥ ካለው መረጃ አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ አያጠፋም።

በአንድሮይድ ስልኮች “ሪከቨሪ” የሚባል፣ ከዋናው ስርዓት የተለየ የጥገና ገጽ አለ። ወደዚህ ገጽ ለመግባት ብዙውን ጊዜ የጠፋውን ስልክ የማብሪያና የድምፅ መጨመሪያ ቁልፎች አብሮ መጫን ይጠይቃል። በቅርብ ዓመታት የወጡ የሳምሰንግ ስልኮች ግን በኬብል ከኮምፒዩተር ጋር ካልተገናኙ ወደዚህ ገጽ አይገቡም፤ ብዙ ሰው ቁልፎቹ ተበላሽተዋል ብሎ የሚያስበው ይህንን ባለማወቅ ነው። በገጹ ላይ ከሚታዩት አማራጮች መካከል ጊዜያዊ ፋይሎችን የሚያጸዳው “ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን” እና በሳምሰንግ ላይ የሚገኘው “ሪፔር አፕስ” የግል መረጃን አይነኩም። ከእነርሱ አጠገብ የተቀመጠው “ዋይፕ ዳታ” ግን ሁሉንም ያጠፋል። አደጋ የሌላቸውና አደገኛው አማራጭ በአንድ ዝርዝር ውስጥ፣ በተመሳሳይ ፊደል፣ በአንድ መስመር ልዩነት መቀመጣቸው የአምራቾቹ ጥፋት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

“ዋይፕ ዳታ” ከማለት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ

በዚህ ስልክ ውስጥ ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ነገር አለ? መልሱ “የለም” ከሆነ ቀሪው መንገድ አጭር ነው። መልሱ “አለ” ከሆነ፣ ለምሳሌ በሕይወት የሌለ ወላጅ ድምፅ ወይም በክላውድ ያልተቀመጠ የሠርግ ፎቶግራፍ ካለ፣ ከዚህ በኋላ ያለው እያንዳንዱ እርምጃ በዚህ መልስ መመራት አለበት።

ምክንያቱ ምስጠራ ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ከስልክ ላይ የጠፋ ፎቶግራፍ በልዩ ፕሮግራም ተፈልጎ ይገኝ ነበር። ዛሬ ግን በስልኩ ላይ የሚቀመጠው መረጃ በሙሉ በቁልፍ ተመስጥሮ ነው የሚጻፈው። አይፎኖች ይህንን ሲሠሩበት ቆይተዋል፤ በአንድሮይድም እ.አ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ጋር ለሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ሁሉ ግዴታ ሆኗል። “ዋይፕ ዳታ” ሲባል ስልኩ የምስጠራውን ቁልፍ ይጥለዋል። መረጃው በቺፑ ላይ ተበታትኖ ቢቀር እንኳ ያለ ቁልፉ ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው። ቺፑን ነቅሎ በሌላ ማሽን ማንበብም አይረዳም። ስለዚህ ፎርማት ከተደረገ ዘመናዊ ስልክ ላይ ፎቶግራፍ “እናወጣለን” የሚል ባለሙያ ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቀ ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩ።

ደግነቱ ስርዓቱን መረጃ ሳይጠፋ በድጋሚ መጫን የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ። አይፎን በኬብል ከኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ ወደ ሪከቨሪ ሲገባ ሁለት ምርጫ ይቀርባል። “አፕዴት” የሚለው ስርዓተ ክወናውን ብቻ በአዲስ ይተካል፤ የባለቤቱን መረጃ ይተዋል። “ሪስቶር” የሚለው ሁሉን አጥፍቶ ይጀምራል። ሁልጊዜ መጀመሪያ መሞከር ያለበት “አፕዴት” ነው። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሚመዝን ኢንተርኔት በሚዘገይበት አካባቢ ችግር ይፈጠራል፤ ማውረዱ ከ15 ደቂቃ በላይ ከወሰደ ስልኩ ከሪከቨሪ ሊወጣ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ማውረዱ እስኪያልቅ ጠብቆ ስልኩን እንደገና ወደ ሪከቨሪ ማስገባት ይበቃል።

በሳምሰንግ ላይ በኮምፒዩተር የሚጫነው ሶፍትዌር በርካታ ፋይሎች አሉት። የአገርና የኔትወርክ ቅንብሮችን የሚይዘው ፋይል በሁለት ዓይነት ይመጣል። “ሲኤስሲ” የሚባለው መረጃን ያጠፋል፤ “ሆም ሲኤስሲ” የሚባለው ይጠብቃል። ስልኩን ለጠጋኝ የሚሰጥ ሰው “በሆም ይጫንልኝ” ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ወዲያው ይረዳዋል። በጉግል ፒክስል ስልኮችም የስልኩን ሙሉ የማሻሻያ ፋይል በሪከቨሪ በኩል ከኮምፒዩተር መላክ ይቻላል፤ ይህም መረጃን አይነካም፤ የቡትሎደሩን ቁልፍ መክፈትም አይጠይቅም። ቁልፉን መክፈት ግን በራሱ መረጃውን ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ “መጀመሪያ ቡትሎደሩን እንክፈተው” የሚል ምክር ፎቶግራፉን ማዳን ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

ወደ ኋላ መመለስ ለምን አይሠራም?

አዲሱን ስሪት ያልወደደ ሰው የቀድሞውን መልሶ ለማስጫን ይፈልጋል። ስልክ ዓርማ ላይ ከሚቆምባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። አዲሱ ስሪት ሲጫን የመረጃ ቋቶቹን አቀማመጥ በራሱ መልክ ቀይሯቸዋል፤ አሮጌው ስሪት ተመልሶ ሲመጣ ሊያነብባቸው አይችልም። ሲስተሙ ይነሳል፤ መረጃውን ሊከፍት ይሞክራል፤ ይወድቃል፤ እንደገና ይነሳል። እዚህ ላይ ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው አዲሱን ስሪት መልሶ በላዩ ላይ መጫን ነው፤ መረጃው ሊተርፍ ይችላል። ሁለተኛው “ዋይፕ ዳታ” ነው፤ ስልኩ ይነሳል፣ መረጃው ይጠፋል። ብዙ ጠጋኞች ሁለተኛውን የሚመርጡት ፈጣን በመሆኑ ነው።

ከዚህ የከበደም አለ። አምራቾች የደኅንነት ክፍተት ወደነበረበት አሮጌ ስሪት መመለስን የሚከለክል ቁጥር በቺፑ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ቁጥሩ የሚመዘገብባቸው ጥቃቅን መስመሮች አንዴ ከተቃጠሉ ወደ ነበሩበት አይመለሱም፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጉግል እ.አ.አ. በነሐሴ 2022 አንድሮይድ 13ን ሲለቅ በፒክስል 6፣ ፒክስል 6 ፕሮ እና ፒክስል 6ኤ ላይ ይህንኑ አደረገ፤ አዲሱን ስሪት የጫነ ወደ አንድሮይድ 12 መመለስ እንደማይችልም አስታወቀ። እንዲህ ባለ ስልክ ላይ አሮጌውን ቡትሎደር በግድ ማስገባት ዓርማውን እንኳ የማያሳይ ጥቁር ስክሪን ሊያስከትል ይችላል። አፕል በበኩሉ ጉዳዩን ከራሱ ሰርቨር ይቆጣጠራል። እያንዳንዱ የአይፎን ጭነት በዚያው ቅጽበት የኩባንያውን ዲጂታል ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ አዲስ ስሪት ከወጣ ጥቂት ጊዜ በኋላ ለቀድሞው ማረጋገጫ መስጠት ይቆማል። ፋይሉን ከየትም ቢያገኙት ከዚያ በኋላ አይጫንም።

ስሙ አንድ፣ ሥሪቱ ሌላ

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በዘመድ እጅ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡ ስልኮች የተለየ ጣጣ አላቸው። በካርቶኑ ላይ ያለው ስም አንድ ሆኖ ውስጡ ሊለያይ ይችላል። ለምሳሌ ጋላክሲ ኤስ10ን እንመልከት። በአውሮፓና በአፍሪካ የተሸጠው፣ የሞዴል ቁጥሩ በ973ኤፍ የሚያበቃው፣ ሳምሰንግ ራሱ የሠራው “ኤክሲኖስ” ቺፕ አለው። በአሜሪካ የተሸጠውና በ973ዩ የሚያበቃው ደግሞ የኳልኮም ኩባንያ “ስናፕድራጎን” ቺፕ ነው ያለው። የአንዱ ሶፍትዌር ለሌላው አይሆንም። ብዙ ጊዜ ስልኩ ራሱ አልቀበልም ብሎ ጭነቱን ያቋርጣል፤ ችግሩ የከፋ የሚሆነው ይህንን መከላከያ በሚያልፍ መሣሪያ በግድ ሲጫን ነው። “የኤስ10 ሶፍትዌር አለኝ” ማለት ብቻ አይበቃም። የመጨረሻዋ ፊደል ወሳኝ ናት። ስልኩ ባይነሳም የሞዴል ቁጥሩ በካርቶኑ ወይም በጀርባው ላይ ተጽፎ ሊገኝ፣ በሳምሰንግ የ“ዳውንሎድ ሞድ” ገጽ ላይም ሊነበብ ይችላል።

በቻይና ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ የሻኦሚ ስልኮች ላይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። የቻይናው ሶፍትዌር የጉግል ፕሌይ መደብርን አብሮ ስለማይይዝ አንዳንድ ነጋዴዎች የቡትሎደሩን ቁልፍ ከፍተው ለዓለም አቀፍ ገበያ የተሠራውን ሶፍትዌር ይጭኑበታል። ገዥው ምንም ሳያውቅ ይጠቀምበታል። አንድ ቀን ስልኩ በድጋሚ ሶፍትዌር ተጭኖበት በዚያው የቡትሎደሩ ቁልፍ ሲዘጋ፣ “ይህ ስሪት በዚህ ስልክ ላይ ሊጫን አይችልም” የሚል መልእክት አሳይቶ ይቆማል። የተበላሸ ክፍል የለውም። ዋናው መፍትሔ ስልኩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን የቻይና ሶፍትዌር መመለስ ነው፤ ለዚያም ብዙ ጊዜ የአምራቹ ፈቃድ ያለው የጥገና ማዕከል ያስፈልጋል።

ስልኩ ተነስቶ ኔትወርክ ሲጠፋ

ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል በኢትዮጵያ በብዙ እጅ ይገኛሉ። በርካቶቹ በሚዲያቴክ ቺፕ የሚሠሩ ሲሆን፣ ጠጋኞች በኮምፒዩተር ሶፍትዌር የሚጭኑባቸው መሣሪያ ሁለት ዋና ምርጫ አለው። አንደኛው አዲሱን ፋይል ብቻ ይጽፋል። ሁለተኛው መላውን ማህደረ ትውስታ አጥፍቶ ከባዶ ይጀምራል። በሁለተኛው የሚጠፋው ፎቶግራፉ ብቻ አይደለም፤ ስልኩ ሲመረት የተሰጠው የመታወቂያ ቁጥር፣ ማለትም አይኤምኢአይ፣ እና የሬዲዮው የማስተካከያ ቁጥሮች አብረው ይሄዳሉ። ስልኩ ቆንጆ ሆኖ ይነሳል፤ ሲም ካርዱን ግን አያውቀውም፤ ወይም ጥሪ አያስተላልፍም።

ስለዚህ ስልክ ለጥገና ከመሰጠቱ በፊት *#06# ደውሎ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ ቁጥር መጻፍ ብልህነት ነው። ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ሁለት ቁጥር አለው። ስልኩ ካልተነሳ ቁጥሩ በካርቶኑ ላይ ይገኛል። ጠጋኙንም ምንም ከመንካቱ በፊት የስልኩን ሙሉ ይዘት አንብቦ ቅጂ እንዲያስቀምጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። በብዙ ሞዴሎች ላይ ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ውድ ሥራ አይደለም። የጠፋውን ቁጥር መመለስ የሚቻለው በራሱ በስልኩ ትክክለኛ ቁጥር ብቻ ነው። የሌላ ስልክ ቁጥር ማስገባት በበርካታ አገሮች ወንጀል ነው፤ ብሪታንያ ለዚህ ሲባል እ.አ.አ. በ2002 የተለየ ሕግ አውጥታለች።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ሶፍትዌር የሚጫነው ባትሪ ባለው ላፕቶፕ እንጂ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር መሆን የለበትም። ቡትሎደሩ እየተጻፈ ኃይል ቢቋረጥ ሁለተኛው ቀለበት ይበጠሳል፤ ጥቁር ስክሪን ከሚያጋጥምባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው።

ጥፋቱ የባለቤቱ ያልሆነበት ጊዜ

እ.አ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ በርካታ የአይፎን ባለቤቶች ስርዓተ ክወናቸውን ሲያሻሽሉ ወይም በድጋሚ ሲጭኑ ስልካቸው “ስህተት 53” የሚል ቁጥር አሳይቶ ሥራ አቆመ። ብዙዎቹ የጣት አሻራ የሚያነበውን ቁልፍ ከአፕል ውጭ በሆነ ጠጋኝ ያስቀየሩ ነበሩ። ስልኩ ለወራት ያለ ችግር ሠርቷል፤ አዲሱ ጭነት ግን ክፍሉን ሲመረምር የራሱ እንዳልሆነ አወቀ። አፕል በመጀመሪያ የደኅንነት ጥበቃ ነው አለ። በየካቲት ወር ግን ይቅርታ ጠይቆ ስልኮቹን የሚያስነሳ የታረመ ስሪት ለቀቀ። ጉዳዩ አውስትራሊያ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.አ.አ. በሰኔ 2018 ኩባንያው 9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል።

አፕል እ.አ.አ. በመስከረም 2024ም አይፓድኦኤስ 18 የኤም4 ቺፕ ያላቸውን አንዳንድ አይፓድ ፕሮዎች ከሥራ ውጭ ስላደረገባቸው ጭነቱን ለጊዜው ማገድ ነበረበት። እንዲህ ባለ ጊዜ ስልኩን ወይም ታብሌቱን በተደጋጋሚ ፎርማት ማድረግ ትርፍ የለውም። ችግሩ ከተለቀቀው ስሪት ጋር በአንድ ሰሞን ከጀመረና ሌሎችም ተመሳሳይ አቤቱታ ካሰሙ፣ ጥቂት ቀናት ታግሦ የታረመውን ስሪት መጠበቅ ወይም አምራቹን በቀጥታ መጠየቅ ይሻላል።

በተቃራኒው ሶፍትዌር የማይፈታውም አለ። ስልኩ ከመጀመሪያውም በየመሀሉ እየጠፋ የሚነሳ ስለነበር ነው ሶፍትዌር የተጫነበት እንበል። መንስኤው ያረጀ ባትሪ፣ እርጥበት ያገኘው ማዘርቦርድ ወይም የደከመ የማህደረ ትውስታ ቺፕ ከሆነ፣ አዲሱ ጭነት ሕመሙን አያድንም፤ እንዲያውም ቺፑን በብዙ ጊጋባይት ጽሕፈት ስለሚያስጨንቀው የመጨረሻው ገፊ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጭነቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ኬብሉንና ኮምፒዩተሩን መለወጥ ያስፈልጋል። አፕል 9፣ 4005፣ 4013 እና 4014 ለሚሉት የስህተት ቁጥሮች የሚሰጠው ትርጉም ስልኩ በጭነት ላይ እያለ ግንኙነቱ ተቋርጧል የሚል ነው። በሌላ ኬብልና በሌላ ኮምፒዩተርም ካልተለወጠ ጉዳዩ የሃርድዌር ነው። ስልኩ ከጋለ ወይም ባትሪው አብጦ ጀርባውን ከገፋው ደግሞ ቻርጀሩን ነቅሎ ሙከራውን እዚያው ማቆም ግድ ነው።

ተነስቶ “የማን ነህ?” ሲል

ሁሉም ነገር ተሳክቶ ስልኩ ተነሳ እንበል። ቋንቋ አስመርጦ፣ ዋይፋይ አገናኝቶ፣ ከዚያ ቀድሞ ስልኩ ላይ የነበረውን አካውንት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። አፕል ይህንን ጥበቃ እ.አ.አ. በ2013 ከአይኦኤስ 7 ጋር፣ ጉግል ደግሞ በ2015 ከአንድሮይድ 5.1 ጋር ያስተዋወቁት የተሰረቀ ስልክ ለሌባው እንዳይጠቅም ነው። ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ያለች ልጅ ያገለገለችበትን ስልክ ደሴ ላሉ እናቷ ስትልክ፣ አካውንቷን ሳታወጣ ከሆነ፣ እናት በእጃቸው የገባው የሚያበራ መስታወት ብቻ ነው።

አይፎን ከሆነ መፍትሔው በላኪዋ እጅ ነው። ባለችበት ሆና በኢንተርኔት ወደ አይክላውድ ገብታ ስልኩን ከአካውንቷ ላይ ማስወገድ ትችላለች፤ የይለፍ ቃሏን ለማንም መንገር አያስፈልጋትም። በአንድሮይድ ግን የይለፍ ቃሉ በራሱ በስልኩ ላይ መግባት አለበት። ብዙ ስልኮች ስክሪኑ ቀድሞ ይከፈትበት የነበረውን ፒን ወይም ስዕል በምትኩ ስለሚቀበሉ፣ መጀመሪያ ያንን መሞከር ይቀላል። ላኪዋ የይለፍ ቃሏን በስልክ ለቤተሰብ ከነገረች ሥራው እንዳለቀ መቀየር ይኖርባታል። ከቤተሰብ ውጭ ላለ ሰው፣ ጠጋኙም ቢሆን፣ መንገር የባንክና የኢሜይል በርን አብሮ መክፈት ነው። ጥበቃውን በልዩ መሣሪያ “እናልፈዋለን” የሚሉ ቤቶች የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች ስልኩን ተመልሶ ሎጎ ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ።

ገና ያልተላከ ስልክ ከሆነ ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በአይፎን ላይ ከአፕል አካውንት መውጣት፣ በአንድሮይድ ላይ የጉግል አካውንቱን ከቅንብሮች ማስወገድ፣ ከዚያ ከራሱ ከቅንብሮች ገጽ ሪሴት ማድረግ ነው። በቁልፎች በሪከቨሪ በኩል የሚደረገው ሪሴት ግን አካውንቱን እንደቆለፈ ይተወዋል።

ስልኩ በሰላም ከተነሳ በኋላም በክላውድ ያለውን ቅጂ ወዲያው መመለስ አያስፈልግም። መጀመሪያ *#06# ደውሎ ቁጥሩን ከተጻፈው ጋር ማስተያየት፣ አንድ ጥሪ ማድረግ፣ ካሜራውን መክፈት፣ ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ይህ ሁሉ ከሠራና ቅጂው ከተመለሰ በኋላ ስልኩ እንደገና ሎጎ ላይ ከቆመ፣ የሚጠረጠረው ከቅጂው ጋር የመጣው መተግበሪያ ወይም ቅንብር ነው፤ ስልኩን ዳግመኛ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ሳያስፈልግ ቅጂውን ትቶ መተግበሪያዎቹን አንድ በአንድ መጫን ይቻላል።